የሃምሳ አለቃው ደብተር

አባታችን በሞት የተለዩን በ2018 ዓመተ ምሕረት ነው። (ዓመታቱን የምንጽፈው እዚህ አገር በምንገለገልበት አቆጣጠር ነው።) ሰባቱን የሐዘን ቀናት ስንቀመጥ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ሰነበተ። ከነታንያ፣ ከቂርያት ጋት፣ ከቤር ሼቫና ከአፉላ የመጡ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ሲደርሱ «ሃምሳ አለቃ! ሃምሳ አለቃ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። የሕንፃችን ጎረቤቶች ደግሞ የሚያውቋቸው ጠዋት ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጸሎት ቤት የሚሄዱ ዝምተኛ ሽማግሌ ሆነው ነው። የልጅ ልጆቻቸው «ሳባ» ይሏቸዋል። እኛ አምስት ልጆቻቸው እነዚህን ሦስት ሰዎች እንደ አንድ ሰው አድርገን እንደማናውቃቸው የተረዳነው በዚያ ሳምንት ነው። ይህን ጽሑፍ አምስታችን ተሰብስበን ያዘጋጀነው አባት ወይም አያት በቤታቸው ላሏቸው ቤተሰቦች ይጠቅማል ብለን ነው። በመጨረሻም የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር አለን።

አባታችን የተወለዱት ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ባለችው በወለቃ መንደር ነው። አባታቸው ቀጥቃጭ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። መቼ ተወለዱ ሲባሉ «ጃንሆይ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ» ይሉ ነበር። ጃንሆይ ዘውድ የጫኑት በ1930 ስለሆነ ልደታቸው በ1931 መሆኑ ነው። እዚህ አገር ስንገባ ግን መዝጋቢው ሠራተኛ ፊታቸውን አየት አደረገና 1936 ብሎ ጻፈ። በቴውዳት ዜሁታቸው ከሄድን እንግዲህ ኮሪያ የዘመቱት ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው ማለት ነው! የጡረታ ገንዘባቸውም በዚያው ስሕተት አምስት ዓመት ዘገየ። እኛም ቋንቋውን ከለመድን በኋላ እንኳ ስሕተቱን ለማስተካከል አልሮጥንም። «ምን ይደረግ፣ የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው» እያልን ተውነው።

በልጅነታቸው ስላዩት ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውናል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም፤ የሰው መሬት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ ይኖር ነበር። አንድ ቀን እናታቸው ገንቦና ድስት ተሸክመው ጎንደር ገበያ ወጡ፤ እርሳቸውም የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ሆነው ተከትለው ሄዱ። አንድ ሰው ልጁ ታሞበት ኖሮ «ይህቺ ቡዳ ናት ልጄን የበላችው» ብሎ ሸክላውን ሁሉ በእግሩ ሰባበረው። እናትየው ለመክሰስ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ተረኛው ቆመው እንዲናገሩ ፈቀደላቸው፤ ሰማቸውም፤ ነገር ግን ብዕሩን አላነሣም። «እሺ፣ ሂጂ» አለና አሰናበታቸው። አባታችን ይህን ሲነግሩን የተሰበረው ሸክላ እምብዛም አላስቆጫቸውም። «ቃሏን አልጻፈም» ነበር የሚሉት። «መዝገቡ ፊቱ ተዘርግቶ ነበር፤ ብዕሩም በእጁ ነበር።»

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው በክብር ዘበኛ ተቀጠሩ። በ1953ም ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘመቱ። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር የተዋጋ የኢትዮጵያ ጦር ነው። ከ1951 ጀምሮ በየተራ ከሄዱት ሦስቱ ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከ500 በላይ ቆስሏል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። አባታችን ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም ነበር። ከእነ ማን ጋር እንደ በሉ፣ ምን እንደ በሉ የመንደሩ ሰው ሲጠይቃቸው ዝም ይሉ ነበር። የሚደጋግሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሬሳ አንተውም ነበር። ስሙን የማናውቀው ሬሳ አልነበረንም።»

ተኩስ ቆሞ ሲመለሱ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ ነበር። ወለቃ ሲደርሱ ግን እናታቸው ሮጠው አላቀፏቸውም። እንደ አትንኩኝ ሥርዓታችን መጀመሪያ ወንዝ ወርደው እንዲታጠቡ፣ ልብሳቸውንም እንዲለውጡ አደረጓቸው፤ ጥቂት ቀንም ከመንደሩ ራቅ ብለው ቆዩ። እናትየውም በየቀኑ በሩቅ ቆመው ያዩዋቸውና አልቅሰው ይመለሱ ነበር። ሽማግሌው አባታችን ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ «ባሕር ተሻግሬ የመጣሁትን ሰውዬ ወንዝ አገደኝ» እያሉ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጦሩን ለቀው ፖሊስ ሆኑ። ከ1956 እስከ 1978 ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት በጎንደር አገለገሉ፤ ማዕረጋቸውም ሃምሳ አለቃ ደረሰ። የመንግሥቱ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እርሳቸው ግን ከዚያ ሌላ በደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር ይይዙ ነበር። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሰውየውን ስም እስከ አያቱ፣ ምን እንደ ለበሰ ሁሉ ይጽፋሉ። ለአዳዲሶቹ ፖሊሶች «ሰው ልትመታ እጅህን ስታነሣ መጀመሪያ ስሙን ጻፍ፤ ጽፈህ እስክትጨርስ እጅህ ይበርዳል» ይሏቸው ነበር አሉ። የቅዳሜን ተራ አንድ ክርስቲያን ባልደረባቸው ይሸፍኑላቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ገናንና ፋሲካን ለእኚያ ሰው ይሸፍናሉ። ሁለቱ በዚህ ሁኔታ ብዙ ዓመት ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ አልተጣሉም።

ከእኛ መካከል ትልልቆቹ በደንብ የምናስታውሰው አንድ ጠዋት አለ። ዘመኑ ቀይ ሽብር የሚባለው ነው። አባታችን ከሌሊት ተራ ተመልሰው እንጀራ ቢቀርብላቸው አልበሉም። መለዮአቸውን አውልቀው አጣጠፉት፤ ሳጥን ውስጥ ከተቱትና ቁልፉን ለእናታችን ሰጡ። ወር ሳይሞላ በሕመም ምክንያት ጡረታ ጠየቁ። ምን እንዳመማቸው ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። አባት አይጠየቅም ነበር።

በ1990 ቤታችንን ትተን አዲስ አበባ ወረድን። እንደ ብዙዎቻችሁ በኪራይ ቤት ተጨናንቀን ጠበቅን። በግንቦት 1991 ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሕዝብ ወደ እስራኤል በተጓዘበት በሰለሞን ዘመቻ እኛም መጣን። ዕቃ መያዝ አልተፈቀደም። አባታችን የያዙት የሜዳሊያ ሣጥናቸውን፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ደብተሮቻቸውንና የለበሱትን ኮት ብቻ ነው። እንዳንጠፋፋ በየግንባራችን ላይ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጠፈብን። ሕፃናቱ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። አውሮፕላኑ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ወረቀቱን ከግንባራቸው ቀስ ብለው አነሡና ደብተራቸው ውስጥ ለጠፉት።

መጀመሪያ በሆቴል፣ ቀጥሎ በካራቫን ኖርን። እኛ ኡልፓን ስንገባ አባታችን የስድሳ ዓመት ሰው ሆነው በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሾሜር ሆነው ተቀጠሩ። እዚያም በደብተራቸው የገባውን መኪና ሁሉ ታርጋና ሰዓት ይጽፉ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አይቶትም አያውቅም። ተማሪዎቹ ይሥቁባቸዋል። ከመካከላችን በዚያው ትምህርት ቤት የምንማር ሁለታችን በሩን አልፈን ስንገባ ሰላም ሳንላቸው የምንሄድበት ቀን ነበር። እርሳቸውም ገብቷቸው ኖሮ ወደ ሌላ ወገን ይመለከቱ ነበር። ይህን ዛሬ መጻፍ ይከብደናል፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ከዚህ የሚብስ ጥፋትም አለብን። በ1993 መንግሥት ለወገኖቻችን ልዩ የማሽካንታ ዕርዳታ ሲሰጥ እኛም ቤት ለመግዛት ቻልን። ከካራቫኑ ስንወጣ አሮጌ ነገር ሁሉ አንይዝም አልን። የቆሸሸ ጨርቅና የተቀዳደደ ወረቀት ያለበት አንድ ካርቶን ነበር። «ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል!» ብለን ከቆሻሻው ጋር ጣልነው። ለካ የሃያ ሁለት ዓመት ደብተሮች ነበሩ። አባታችን በአዲሱ ቤት ካርቶኑን ሲፈልጉ ሰነበቱ። በመጨረሻ ነገርናቸው። አልተቆጡም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ የኮታቸውን የውስጥ ኪስ በእጃቸው ዳበሱ፤ «እሺ፣ ይህችኛዋ አለች» አሉ። ምን እንደሆነች ያን ጊዜም አልጠየቅንም።

በእርጅናቸው ዘመን አንድ አመል ነበራቸው። ከጎንደር አዲስ የመጣ ቤተሰብ ሜርካዝ ክሊታ ገባ የተባለ እንደሆነ አውቶቡስ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ሻይ ሳይቀርብላቸው «ከየትኛው ሰፈር ናችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ቀጥለውም የማናውቃቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ «የእገሌን ቤተሰብ ታውቁ ኖሯል?» ይላሉ። የሚጠሯቸው ስሞች ብዙዎቹ የክርስቲያንና የእስላም ነበሩ። እኛ የሰው ናፍቆት ይመስለን ነበር። አንዳንዴም እናፍርና «ይቅርታ፣ ሽማግሌ ናቸው» እንል ነበር። ይህን ይቅርታ የሰማችሁ ቤተሰቦች በመካከላችሁ ካላችሁ ዛሬ ይቅርታውን መልሰን እንወስዳለን።

በ2015 በሖሎን የደንብ ልብስ የለበሰ አንድ ወታደር ልጃችን በፖሊሶች ሲደበደብ በካሜራ የታየበትንና ከዚያም በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ የተደረገውን ሰልፍ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት ክረምት የአሥራ ሰባት ዓመቱ የወንድማችን ልጅ ከሰፈራችን መናፈሻ ሲመለስ በፖሊስ ተያዘና ሸሚዙ ተቀዶ፣ ክንዱ አብጦ መጣ። እኛ «ተወው፣ ዝም በል፤ ወደ ሠራዊት መግቢያህ ነው፤ ፋይል ይከፍቱብሃል» አልነው። አባታችን ከክፍላቸው ወጡ።

«ስምህን ጠየቁህ?» አሉት።

«ቴውዳት ዜሁት ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው» አለ።

«አንተስ የእነሱን ስም ጠየቅህ?»

ልጁ ዝም አለ።

በማግሥቱ አባታችን ኮታቸውን ለበሱ፤ የኮሪያውን ሜዳሊያ አጠለቁ፤ ልጁን አስከትለው ወደ ጣቢያ ሄዱ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ዕብራይስጣቸው አይበቃምና ልጁ ያስተረጉምላቸው ነበር። ለተረኛው «እኔም ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ወንበርህን አውቀዋለሁ» አሉት። «ልጁ ጥፋት ካለበት ይጠየቅ። ከሌለበት ግን ቃሉን ጻፍልኝ፤ የጻፍኸውንም አንብብልኝ።» ተረኛው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ኋላ ግን አስቀመጣቸውና ጻፈ። አቤቱታው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው ፖሊሶችን ወደሚመረምረው ክፍል፣ ማሐሽ ወደሚባለው ተላከ። ከብዙ ወር በኋላ በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ ፋይሉ ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ መጣ። እኛ ተናደድን። እርሳቸው ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ይበቃል አላልሁም፤ ግን ተጽፏል» አሉ።

አሁን ወደ ሐዘኑ ሳምንት እንመለስ። በአራተኛው ቀን ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናታችን የአባታችንን ኮት አምጥተው ከውስጥ ኪሱ ደብተሯን አወጡ። «እንግዲህ አንብቡት፤ እኔ አርባ ዓመት ችዬዋለሁ» አሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከግንባራቸው ያነሡት የቁጥር ወረቀት ተለጥፏል። ከኋላ የልጁ የማሐሽ ደብዳቤ አለ። በመካከሉ በአገር ቤት አቆጣጠር ግንቦት 1970 የሚል ቀን ተጽፏል፤ ይኸውም 1978 ነው። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ «ሌሊት 8 ሰዓት። 11 እስረኞች ያለ ትእዛዝ ወረቀት ተወሰዱ። ፈርማችሁ ተረከቡ ብል አልፈረሙም። በጠመንጃ አስፈራርተው በር አስከፈቱኝ። በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በታች አሥራ አንድ ስም አለ፤ ከነአባታቸው፣ ከነዕድሜያቸው፣ ከነልብሳቸው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለበት። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ አለ። አንደኛው አጠገብ «ጫማ የለውም» ይላል።

እናታችን የቀረውን ነገሩን። የተወሰዱት ልጆች አልተመለሱም። ቤተሰቦቻቸው በየእስር ቤቱ ደጃፍ ስንቅ ይዘው ሲንከራተቱ «እዚህ የሉም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር። አባታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ እንደ ነጋዴ በቅሎ እየጎተቱ፣ ጨው የሚሸጡ መስለው፣ በየመንደሩ እየሄዱ እናቶቹን ፈለጉ። ለእያንዳንዷ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ልጇ የለበሰውን ልብስ ነገሯት። «በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ» ብለውም ነገሯቸው። አንዷ ረገመቻቸው። አንዷ እግራቸውን አጠበች። ሌላዋ ምንም ሳትል ይዛው የነበረውን ስንቅ ሰጠቻቸው። ያን ጊዜ ይህ ቢታወቅ ለእርሳቸውም ለእኛም ሞት ነበር። ስለዚህ እናታችንን አስማሏቸው፤ መንግሥቱ ከወደቀ በኋላም ዝምታው ልማድ ሆኖ ቀረ።

በሰባት ስሞች አጠገብ ምልክት አለ። አራቱ ምልክት የላቸውም። በየሜርካዝ ክሊታው እየዞሩ ይጠይቁ የነበሩት የእነዚያን የአራቱን ቤተሰብ ነው።

እናታችንን «ጥፋተኛ ነኝ ይሉ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «እሱን እኔም ጠይቄው አላውቅም» አሉ። እኛም አንፈርድም። አባታችን ያን ሌሊት በሩን ከፍተዋል፤ ልጆቹንም አላዳኑም። ይህንንም በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። ሌላው ሁሉ መዝገብ በጠፋበት፣ በተቃጠለበት፣ እኛም ራሳችን በጣልንበት ዘመን ይህቺን አንዲት ገጽ አርባ ዓመት ደረታቸው ላይ ተሸክመው ኖረዋል። ጀግና ነበሩ እንድትሉልን አይደለም የጻፍነው። አንድ ሰው ያልሠራውን ማስመሰል፣ የሠራውንም መደበቅ በሚችልበት ጊዜ ሁለቱንም እንዳላደረገ እንድታውቁልን ነው።

ደብተሯን ወደ ንጹሕ ወረቀት እየገለበጠ ያለው ሸሚዙ የተቀደደው ያ ልጅ ነው። ዛሬ ሠራዊቱን ጨርሶ ይማራል። አማርኛ መስማት እንጂ ማንበብ አይችልምና እኛ እናነብለታለን፤ እርሱ በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፈዋል። አንዱን ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ያስደግመናል። «ልክ ካልሆነ አይጻፍም» ይላል፤ ይህን ማን እንዳስተማረው እናውቃለን።

አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች ሆይ፤ ከእኛ ስሕተት ትማሩ ዘንድ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ አዛውንቶቻችሁ ይዘውት የመጡትን ወረቀትና ጨርቅ ሳትጠይቋቸው አትጣሉ። የተወለዱበትን ዘመንና ስማቸውንም መዝጋቢው ፊት በትክክል አስጽፉ፤ ኋላ ማስተካከል ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁ ከፖሊስ ጋር ሲገናኙ በአክብሮት ይናገሩ፤ ነገር ግን የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ የስም መለያ እንዲያደርግና ማንነቱን እንዲገልጽ ሕጉ እንደሚያስገድደው ይወቁ። በደል ከደረሰም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስሙን በዚያው ዕለት ጻፉ። ሦስተኛ፣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። አባት አይጠየቅም የሚለው ልማድ እኛን ብዙ አሳጥቶናል።

የመጨረሻው ልመናችን ይህ ነው። በ1978 በግንቦት ወር በጎንደር ከተማ ከእስር ቤት ወጥቶ የቀረ ወንድም፣ ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ጎረቤት የምታውቁ ሁሉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ፈልጉን። ስሞቹን ያለ ቤተሰቦቻቸው ፈቃድ እዚህ አናትምም። ስሙን እናንተ ንገሩን፤ እኛም ደብተሯን እንከፍታለን። አራት ስሞች ምልክት እየጠበቁ ናቸው።